ቀስቱ ቆሞ ነበር

አባቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ጨዋ» ይለዋል። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በብረት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። በእግረኛ መንገድ ላይ ከኋላው ኮቴ ከሰማ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ይላል። ኮፍያውን ያነሳና በመዳፉ መንገዱን የሚጠርግ ይመስል እጁን እየዘረጋ፣ «እለፉ፣ እለፉ፣ ግድ የለም» ይላል። የሚያልፉት ሰዎች ዞር ብለው እኔን ያዩኛል። «ታድለሽ! እንዲህ ያለ አባት ዛሬ ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ያቺን የእጁን አዘረጋግ ባየሁ ቁጥር ግን ምራቄ ይመርረኛል።

ሥራዬ መንጃ ፈቃድ መፈተን ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያው የራሱ ሆኖ ሳለ፣ ጥሩምባ ለነፋበት ሁሉ መንገድ የሚለቅ ተፈታኝ ሲገጥመኝ ዓይኔን ሳላሽ እጥለዋለሁ። «ጨዋነት እኮ ነው» ብለው ይከራከሩኛል። አይደለም። ከኋላው ያለው እንዳይቆጣው ብሎ ከፊቱ ያለውን የሚያስገጭ ሰው በእኔ መዝገብ ጨዋ አይባልም። ባልደረቦቼ «ምን አድርገውሽ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ምን እንዳደረጉኝ እነሆ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከከተማችን ዳር፣ የውሃ ማጣሪያውን አለፍ ብሎ የቀስት ሜዳ ነበር። ሜዳ ይበሉት እንጂ ጫካ ነው፤ አንዲት ቀጭን መንገድ በዛፎቹ መሃል ትጠማዘዛለች፣ በየመታጠፊያው አንዳንድ ዒላማ አለ። ዒላማው በገመድ የተጠፈረ የጭድ እስር ነው፤ ፊቱ ላይ ክብ ክብ የተሳለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሱ ራቅ ብሎ ቀይ ችካል ተተክሏል። ሰዎች ሁለትም ሦስትም ሆነው ከችካሉ ጋ ይወረውራሉ፣ ፍላጻቸውን ይለቅማሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሃያ ዒላማ ጨርሰው ሲወጡ ግማሽ ቀን ሄዷል።

በሩ ላይ ሕጉ በሰሌዳ ተጽፏል። ማንበብ እንደምችል ለማሳየት በየእሁዱ ጮክ ብዬ አነበው ነበር። ዘገምተኛ ቡድን ፈጣኑን ያሳልፋል። የሚጠብቅ ቡድን አይጮህም፣ አይጠጋም። ከፊት ያለው ሳይወጣ ማንም ቀስት አይስብም። ከሁሉም የምወደው ግን የመጨረሻውን ነበር፤ ፍላጻህ ዒላማውን ስቶ ከኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ፣ ልትፈልገው ከመሄድህ በፊት ቀስትህን ዒላማው ፊት ታቆማለህ። የሚመጣው ቡድን የቆመ ቀስት ካየ ከጀርባው ሰው አለ ማለት ነው፤ አርፎ ይጠብቃል። አንድ ሰዓትም ቢሆን ይጠብቃል። በዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ሰው ቀስቱን ትቶ ጀርባውን የሚሰጠው ያንን ሕግ አምኖ ነው።

ሕጉን የምታስከብረው አንዲት አጭር፣ ቁጡ ሴትዮ ነበረች፤ ፊሽካዋን ከአንገቷ ስለማታወልቅ ሰው ሁሉ «እትዬ ፊሽካ» ነበር የሚላት። ለሚኒስትርም ቢሆን አትመለስም ይባልላት ነበር።

እኛ ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ አጎቴና እኔ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ከፋርማሲው ጎን አንድ ክንድ በምታህል ሱቅ ውስጥ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ፣ በወረንጦ የማይታይ ብሎን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ይውላል። ፍላጻውን ራሱ ነበር የሚሠራው። ላባውን ራሱ ይቆርጣል፣ በቀይ ክር ይጠመጥማል። አንዷ ከጠፋችበት ምሳ አይበላም። እናቴ «አንተ የምታገባት ሴት ጅራቷ ላይ ላባ ካልተሰካ አታያትም» እያለች ትቀልድበት ነበር።

እኔን «ሚጢጢ» ነበር የሚለኝ። ዓይኔን አስጨፍኖ ድምፅ ያስለየኛል። ፍላጻ ጭድ ሲመታ «ዱፍ» ይላል፤ እንጨት ሲመታ «ቋ»። ምንም ካልሰማሽ ስቷል ማለት ነው፣ ይለኛል። ለይቼ ስናገር ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ «ወይ ጉድ፣ የድመት ጆሮ!» ይላል።

አባቴ ቀስት በጣም ይወዳል ብዬ አስብ ነበር። ቀስት አይወድም ነበር። በወር ውስጥ ሦስት ፍላጻ ዒላማ ላይ ቢያሳርፍ ነው። አባቴ የሚሠራው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ እሁድ እሁድ ቀስት ይወረውራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ዳይሬክተሩ ሽቶ ይሸታል። ጓንቱ ቆዳ ነው፣ የፍላጻዎቹ ላባ ሰማያዊ ነው። ከጎኑ የማይጠፋ አንድ ወፍራም ሰው ነበር፤ ዳይሬክተሩ ገና አፉን ሲከፍት ይስቃል። ለኔ ሁልጊዜ ከረሜላ ይሰጠኛል፤ አባቴ «አመሰግናለሁ በይ፣ እጅ ንሺ» ይለኛል። እሱም አብሮኝ እጅ ይነሳል፣ ከረሜላውን የተቀበለው እሱ ይመስል።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከኋላችን ነበሩ። አባቴ ገና ሦስተኛው ዒላማ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከመንገድ ወጥቶ ያቺን እጁን ዘረጋ። «ይለፉ ጌታዬ፣ ይለፉ።» አለፉ። ስድስተኛው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢራ ሲጠጡ ደረስንባቸውና «ቅደሙ» አሉን። ቀደምናቸው። ስምንተኛው ላይ ድምፃቸው ሲሰማ አባቴ እንደገና ከመንገድ ወጣ። አሁንም አለፉ፣ አሁንም ወንበር አገኙ፣ አሁንም ቀደምናቸው። አጎቴ እያጉረመረመ ነበር።

«ጋሼ፣ ማለፍ የፈለገ ሰው እኮ አፍ አለው፤ ይጠይቃል» አለ። «እኛ ምን ቆርጦን ነው ቁጥቋጦ ውስጥ የምንገባው?»

«ሰው ማክበር ምን ይጎዳሃል?» አለ አባቴ።

«እኔም ሰው ነኝ።»

እኔ በአጎቴ አፈርኩ። ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ አሰብኩ። ደግ አባቴን በሰው ፊት የሚመልስ።

አሥራ አንደኛው ዒላማ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከኋላው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ። አጎቴ ሦስት ወረወረ። ዱፍ። ዱፍ። ሦስተኛዋ ምንም። ወረደና ሁለቱን ነቀለ፣ ሦስተኛዋን ሊፈልግ ከኋላ ዞረ። እዚህ ላይ ነው ለሃያ ሰባት ዓመት የተሳሳትኩት። ቀስቱን ሲያቆም አላየሁም። አባቴ ልክ በዚያን ጊዜ «ሂጂ እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ በይ» ብሎኝ ነበርና ጀርባዬን ሰጥቻለሁ።

ከዛፉ ሥር ሆኜ ችካሉ ይታየኛል፣ ዒላማው ግን አይታየኝም። ዳይሬክተሩና ወፍራሙ ሰውዬ መጡ። ቆሙ። ዳይሬክተሩ የእጁን ሰዓት አየ። አባቴ ፊቱ ቀላ። ወደ ቁጥቋጦው ጥቂት ወረድ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ቃሉ አልደረሰኝም። ወደ ችካሉ ሲመለስ ዳይሬክተሩ በጣቱ ወደ ዒላማው አሳየና አንድ ነገር ጠየቀው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘረጋ። ያችኑ የማሳለፊያ እጅ። ይቅርታ እየጠየቀልን ነው ብዬ አሰብኩ፤ በአጎቴ ግትርነት እንዴት ተሸማቀቀ ብዬ አዘንኩለት።

ዳይሬክተሩ ሳበ።

ቋ።

ወፍራሙ ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀ። ዛፍ መታ ብዬ እኔም ፈገግ አልኩ። ዘንድሮ ሄጄ አይቻለሁ፤ በአሥራ አንደኛው ዒላማ አቅጣጫ አንድም ዛፍ የለም። ዳይሬክተሩ እንደገና ሳበ። የለቀቀውን አየሁ፣ ጆሮዬን አቀናሁ፣ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ አጎቴ ጮኸ።

ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። የአጎቴ ቀስት ዒላማው ፊት መሬት ላይ ወድቋል። አጎቴ «ቀስት መሬት ላይ አይጣልም» ይል ስለነበር፣ እግረ መንገዴን አነሳሁትና አቅፌው ወደ ኋላ ሮጥኩ። አጎቴ በጉልበቱ ተቀምጧል። ሰማያዊ ላባ ያለው ፍላጻ ቀኝ እጁን ከአውራ ጣቱ ሥር ወግቶ በወዲያ በኩል ወጥቷል። ደሙ በክርኑ በኩል ይንጠባጠባል። እሱ እኔን ሲያይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «አትይ ሚጢጢ፣ ዞር በይ» አለኝ።

አባቴ ደረሰ። መጀመሪያ ያየው ግን አጎቴን አልነበረም። እጄ ላይ ያለውን ቀስት ነው። ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝና፣ አፉን ከጆሮዬ አስጠግቶ፣ «ቀስቱን ከዒላማው ላይ የወሰድሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እ...»

«አጎትሽ ሳይመለስ ወሰድሽው! ስንቴ ተነግሮሻል? ስንቴ አንብበሻል?»

አባቴ እንደዚያ ሲለኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ልማዴ ነው። ነቀነቅሁ። ያኔ ፊቱ ለወጥ አለ። ተንበረከከ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ «አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም። አንቺም እንዳትናገሪ። በኔና ባንቺ መሃል ይቅር» አለኝ። ኮቱን አውልቆ ቀስቱን በጥንቃቄ ጠቀለለው። ወንጀሌን እየሸፈነልኝ መሰለኝ። አቤት እንዴት እንደወደድኩት! እንዲህ የሚሸሽገኝ አባት ማን አለው ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ፊሽካ እየሮጠች መጣች። ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ «ምንም የቆመ ነገር አላየንም» አለ፣ ወፍራሙ «ምንም» አለ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ወንድማችን ትንሽ ዝንጉ ነው» አለ። ዝንጉ! የሰዓት ብሎን በዓይኑ የሚቆጥር ሰው! ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀስቱ ቆሞ ነበር?»

አባቴን አየሁት። «አላየሁም» አልኳት።

እውነቴን ነበር። እኔ ግን የዋሸሁ መስሎኝ አባቴ ጀርባ ተሸጎጥኩ። እሷም መሸጎጤን አየች። «ቀስቱስ የት አለ?» ብላ አባቴን ጠየቀችው። «ደም ነክቶታል፣ መኪና ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አለ፤ እሷም አምቡላንሱ ሲመጣ ወደዚያ ሮጠች።

በማግስቱ ቀትር ላይ እኔ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። እናቴ የአጎቴን ሸሚዝ በቀዝቃዛ ውሃ ታሻለች፤ ውሃው ሮዝ ሆኗል። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«እከሳቸዋለሁ» ትላለች እናቴ። «ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሃል? አውራ ጣቱ አይታጠፍም። ወረንጦ በምን ሊይዝ ነው?»

«ዝም በይ እንጂ። ልጅቷን ነው የምታስጠይቂያት።»

«ልጅቷን? የኔን ልጅ?»

ከዚያ በሹክሹክታ ሆነ። «ዕድሜ ልኳን... ጣት ሲቀስሩባት... ወንድምሽም ተስማምቷል፣ ፈርሟል...» የሚል ሰማሁ። እናቴ ሸሚዙን ውሃው ውስጥ ለቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፖሊስ የሚይዘኝ መቼ እንደሆነ ለማወቅ እግሯን ሳይ ዋልኩ። ነጠላ ጫማዋ ላይ የአረፋ ጠብታ ነበር።

ፖሊስ አልመጣም። በምትኩ ብስክሌት መጣ። ቀይ፣ ጥሩምባ ያለው፣ በዳይሬክተሩ ሾፌር እጅ። «ለጎበዟ ልጅ» የሚል ወረቀት ታስሮበታል። ወር ሳይሞላ አባቴ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ጨዋ ስለሆነ ነው ብዬ አመንኩ፤ ሰው የሚያከብር ሰው ይከበራል ብሎ ራሱ ነግሮኛላ። ያንን ብስክሌት ሁለት ዓመት ነዳሁት። አሁን ሳስበው ሰውነቴን ሙልጭ አድርጌ መታጠብ ያሰኘኛል።

አጎቴ ሱቁን ዘጋ። ከቀስት ሜዳውም ታገደ፤ ቀስቱን ሳያቆም ከዒላማ ጀርባ የገባ ሰው አደገኛ ነዋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆነ። እኛ ቤት ሲመጣ እኔ መኝታ ክፍል እገባለሁ፣ ራሴን አመመኝ እላለሁ። ተይዤ ሰላም ስለው ግራ እጁን ይሰጠኛል፤ እኔ ደግሞ መሬቱን እያየሁ እጨብጣለሁ። እያደግኩ ስሄድ ነገሩ በአእምሮዬ ውስጥ ፈጽሞ ጠራ፤ ቀስቱን ከዒላማው ላይ ሳነሳ፣ ገመዱ ትከሻዬን ሲነካ፣ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ያልሆነ ነገር እንደዚህ ጥርት ብሎ ሊታይ እንደሚችል ማን ነግሮኝ! በሠርጌ ቀን እንኳ አጎቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ፣ አንዱ እጅ ከሌላው ጋር አልገጥም ሲል፣ ዓይኔን አሸሸሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ እኛ ቤት ገባ። ባለፈው ክረምት የድሮ ቤቱን ዕቃ ቤት ላጸዳ ሄድኩ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጋዜጣ ክምር ጀርባ፣ በላስቲክ የታሸገ ረጅም ነገር አገኘሁ። ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ተበትኖበታል። ላስቲኩን ስገልጥ ያ ኮት ነው። ኮቱን ስገልጥ ያ ቀስት ነው።

የላይኛው ክንዱ፣ ከመያዣው በላይ ያለው ጎባጣ እንጨት፣ ተበስቷል። እንጨቱ ውስጥ የተሰበረ የፍላጻ ጫፍ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ከጎኑ ደግሞ ከተሰበረው የፍላጻ ጭራ የተረፈ የሰማያዊ ላባ ብጣሽ በፕላስተር ተለጥፏል። ገመዱ ላይ በክር የታሰረ ካርድ አለ፤ በአባቴ የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፍ፣ ቀኑ፣ «ዒላማ ቁጥር 11»፣ «ላይኛው ክንድ፣ ከፊት የተመታ»፣ ከሥሩ ደግሞ የፋይል ቁጥር። ፋይል ቁጥር ሰጥቶታል! እዚያው ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት የተመታ። መሬት ላይ የተጋደመ ቀስት ከፊት አይመታም፤ በልጅ እቅፍ ውስጥ ያለም አይመታም። «ቋ» ያለው ይሄ ነበር።

ይዤው ቤት ገባሁ። አባቴ ሳሎን ሻይ ይጠጣል። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። ጭራሽ ፊቱ በራ። «አገኘሽው? እኔ እኮ ብል በልቶታል ብዬ ስሰጋ ነበር።»

«ቀስቱ ቆሞ ነበር።»

«አዎ» አለ። ዝናብ ዘንቦ ነበር ያልኩት ያህል፣ አዎ።

«እኔ አልወሰድኩትማ!»

«አንቺማ ምን በወጣሽ፣ ከወደቀበት ነው ያነሳሽው።» ሻይውን ፉት አለ። «እስቲ አስቢው ልጄ። ከሰውየው ጋር ብጣላ ሦስታችንም ጎዳና ልንወጣ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅን ደግሞ ማን ይጠይቃል? እነሆ ማንም አልጠየቀሽም። ማን ተጎዳ?»

«አጎቴ!»

«እሱማ... አደጋ ነው። አደጋ ደግሞ የትም አለ።»

«ቀስቱንስ ለምን አላቃጠልከውም?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ማስረጃ ይቃጠላል እንዴ? ባዶ እጄን ሄጄ ኃላፊ የሚያደርገኝ ይመስልሻል? አንድ ቀን ብቻ ቢሮው ገባሁና ‹ጌታዬ፣ ያ ቀስት እኔ ጋ በደህና ተቀምጧል፣ ሐሳብ አይግባዎት› አልኩት። አለቀ። አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም።» ይህን ሲናገር ኩራት ነበረበት። በጨዋ ደንብ መሥራቱን እንድመሰክርለት የፈለገ ይመስለኛል።

 አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። «አጠገባቸው ነበርክ። የቆመ ቀስት እያዩ እንዴት ወረወሩ?»

ስኒውን አስቀመጠ። «ጠየቀኛ። ቀስቱን እያሳየ ‹ሰው አለ?› አለኝ። ምን ልበለው? ቆሞ እየጠበቀ እኮ ነው! ‹ይችላሉ ጌታዬ፣ ረስቶት ነው የሄደው› አልኩት። ወጥቶ መስሎኝ ነው እንጂ አውቄማ አላደርገውም። ምነው እንደዚህ ታዪኛለሽ?»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ስወጣ ስኒውን ራሱ አጥቦ አስቀምጦታል፤ ሰው ማስቸገር አይወድም።

በማግስቱ አጎቴ ወደሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሄድኩ። በሩ ላይ ባለች የመስታወት ቤት ውስጥ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ተቀምጧል። መኪና ሲመጣ ቁልፍ ይጫናል፣ መዝጊያው እንጨት ይነሳል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ሚጢጢ! ምን እግር ጣለሽ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

 ቀስቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁለት።  ከደረት ኪሱ የድሮ ማጉያውን አወጣ፤ እስከ ዛሬ ይዞት ይዞራል። ዓይኑ ላይ ሰክቶ ቀዳዳውን፣ የተሰበረውን ብረት፣ የላባውን ብጣሽ መረመረ።

«ሰማያዊ» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽማ።»

«አይደለሁም አጎቴ።»

ማጉያውን አወለቀ። ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ቀርቶ ነበር። «አባትሽ ሆስፒታል መጥቶ ‹ልጅቷ ናት የወሰደችው፤ ከታወቀ ሕይወቷ ተበላሸ› አለኝ። በግራ እጄ ፈረምኩለት። ቀስቴን ሳላቆም ገባሁ ብዬ! እኔ!» ጣቱን ደረቱ ላይ ተከለ። «ማቆሜን አውቃለሁ፣ እጄ ያውቀዋል፤ ግን ካቆምኩ በኋላ ወስደሽው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያወቅኩብሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ስምሽን እንኳ ጮክ ብዬ አልጠራም ነበር።»

«እኔ ደግሞ ያላወቅክ መስሎኝ ነበር የምሸሽህ።»

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። ያን የማይታጠፍ ጣት ያለበትን እጁን ያዝኩት። በሃያ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጠባሳው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ውጭ አንድ መኪና መጥቶ መዝጊያው ፊት ቆመ፣ ጥሩምባ ነፋ።

ሁሉንም ነገርኩት። ብስክሌቱን፣ የፋይል ቁጥሩን፣ «ሐሳብ አይግባዎት» ያለውን። መጨረሻ ላይ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አባት አባት ነውና ይሆናል፣ «ወጥተህ መስሎት ነው ‹ይችላሉ› ያላቸው» አልኩት።

አጎቴ እጁን ከእጄ አወጣ።

«ወጥቶ መስሎኝ አለ?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

መኪናው ደጋግሞ ነፋ። አጎቴ ቁልፉን አየው፣ አልተጫነውም። «ይጠብቁ» አለ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ድምፃቸውን ስሰማ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጠርቼዋለሁ፤ ‹ጋሼ፣ እዚህ ነኝ፣ አንዷ ቀርታኛለች› ብዬ። እሱም መለሰልኝ። ‹እሺ፣ አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ፈልግ› አለኝ።»

ከውጭ ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መሳደብ ጀመረ። ሁለታችንም ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም።